ሥር ይቅደም፣ ቅጠል ይከተል፦ በብርድ ወራት ከቁራጭ ተክል ማጽደቅ

አንድ ጊዜ ቅዝቃዜው በበረታበት ሰሞን ከበለስ ዛፍ እርሳስ የሚያህል ቅርንጫፍ ቆርጬ ማሰሮ ውስጥ ተከልኩ። እንዳይበርደው ብዬም ከማሞቂያው አጠገብ አስቀመጥኩት። በሦስተኛው ሳምንት ጫፉ ላይ ያለው ዓይን ተከፈተ። ጥፍር የምታህል ለስላሳ ቅጠል ብቅ አለች፤ ሁለተኛዋም ተከተለች። ጸደቀልኝ ብዬ በጣም ደስ አለኝ።

ወር ሳይሞላው ቅጠሎቹ ጠወለጉ። ውሃ ጨመርኩለት፣ ባሰበት። በመጨረሻ ነቅዬ ሳየው አፈር ውስጥ የነበረው ጫፉ የቆረጥኩ ዕለት እንደነበረው ነው። አንዲት ሥር እንኳ አላወጣም።

ያኔ ያልገባኝ ነገር የዚህ ሥራ ዋና ቁም ነገር ነው። ቅጠል ማውጣት መጽደቅ አይደለም። ቅርንጫፉ እንጨቱ ውስጥ ያጠራቀመው ስንቅ አለው። ሙቀት ሲያገኝ በዚያ ስንቅ ቅጠል ያወጣል። ቅጠሉ ደግሞ ውሃ ይፈልጋል፤ ውሃ የሚያመጣለት ሥር ግን የለም። ስንቁ ያልቃል፣ ቅርንጫፉም ይደርቃል። ስለዚህ ልፋታችን ሁሉ ሥሩ ከቅጠሉ እንዲቀድም ለማድረግ ነው። የሙቀቱም፣ የብርሃኑም፣ የውሃውም ነገር ዞሮ ዞሮ እዚሁ ላይ ይመጣል።

የብርድ ወራት የምለው ቀኑ የሚያጥርበትን፣ ፀሐይዋ የምትደክምበትንና ሌሊቱ የሚቀዘቅዝበትን ጊዜ ነው። ታዲያ ተክል ሁሉ እድገቱን በገታበት ጊዜ ለምን እንደክማለን? ሁለት ምክንያት አለ። አንደኛው፣ ውርጭ የማይችሉ እንደ ጀራኒየም፣ ፉክሲያና ኮሊየስ ያሉ አበቦች ደጅ ከቀሩ ይሞታሉ። ትልቁን ተክል ቤት ማስገባት ባይቻል እንኳ ከእሱ የተወሰደ ጣት የሚያህል ቁራጭ መስኮት ዳር ይከርማል። ሁለተኛው፣ ቅጠላቸውን የሚያረግፉ እንደ በለስ፣ ወይንና ሮማን ያሉ ተክሎች በዚህ ጊዜ እንጨታቸው ስንቅ ሞልቶታል። ውሃ የሚያስወጣባቸው ቅጠልም የለም። ለመቁረጥ ከዚህ የተሻለ ጊዜ አያገኙም።

እነዚህ ሁለቱ የሚፈልጉት አያያዝ የተለያየ ነው። የእኔ በለስ የሞተው የአንዱን አያያዝ ለሌላው ስለሰጠሁ ነው።

ወደዚያ ከመሄዳችን በፊት አንድ ጥያቄ እናንሳ። ግንድ እንዴት ሥር ያወጣል? ግንዱ ሲቆረጥ ተክሉ መጀመሪያ ቁስሉን ይዘጋል። ከቅርፊቱ በታች ገና መከፋፈል የሚችሉ ሕያው ሴሎች አሉ። እነሱ ቁስሉ ላይ ነጣ ያለ ጎርባጣ እብጠት ይሠራሉ። ካለስ ይባላል። ካለስ ሥር አይደለም፤ ቁስሉ እየዳነ መሆኑን ብቻ ነው የሚነግረን። ከዚያ በግንዱ ውስጥ ያሉ አንዳንድ ሴሎች የቀድሞ ሥራቸውን ትተው ሥር ወደ መሆን ይዞራሉ። ቅርፊት ወይም እንጨት ሊሆን የነበረ ሴል መንገዱን ቀይሮ ሥር ይሆናል። እኔ ይህን ባሰብኩ ቁጥር ይገርመኛል።

ይህን ለውጥ የሚመራው ኦክሲን የሚባል ሆርሞን ነው። ተክሉ ኦክሲንን የሚሠራው በብዛት በጫፉና በለጋ ቅጠሎቹ ላይ ነው። ከዚያ በግንዱ ውስጥ ወደ ታች ይጓዛል። ግንዱ ሲቆረጥ መንገዱ ይዘጋበትና እዚያው የተቆረጠው ጫፍ ላይ ይጠራቀማል። ሥሩም የሚፈነዳው በዚያ አካባቢ ነው። ፍሪትስ ቬንት የተባለ የኔዘርላንድ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻ ይህ ንጥረ ነገር ከአጃ ቡቃያ ጫፍ ወጥቶ ሊሰበሰብ እንደሚችል አሳየ። እ.ኤ.አ. በ1935 ደግሞ አሜሪካ ውስጥ በቦይስ ቶምፕሰን ተቋም ዚመርማንና ዊልኮክሰን ኢንዶል ቡቲሪክ አሲድ የተባለው ውህድ ቁራጮችን ሥር እንደሚያስወጣ አረጋገጡ። ዛሬ ሥር ማብቀያ ተብሎ የሚሸጠው ዱቄት በአብዛኛው ይኸው ነው። ለጀራኒየምና ለኮሊየስ አያስፈልግም። እንደ ጽጌረዳ ላሉ ዳተኞች ግን ይረዳል። ጫፉን ብቻ ነካ አድርጋችሁ የተረፈውን አራግፉት፤ ሲበዛ ግንዱን ይጎዳል።

አቅጣጫም ወሳኝ ነው። ጀርመናዊው ኸርማን ፎሽቲንግ እ.ኤ.አ. በ1878 ባሳተመው ጥናት የአኻያ ቁራጮችን እርጥብ አየር ውስጥ ዘቅዝቆ ሰቅሎ ነበር። ተዘቅዝቀውም ሥር ያወጡት ዛፉ ላይ ሳሉ ታች በነበረው ጫፋቸው ነው። ቁራጩ ላዩንና ታቹን ይዞ ይቆያል ማለት ነው። ቅጠል የሌለው ቅርንጫፍ ስትቆርጡ ደግሞ የቱ ላይ የቱ ታች እንደሆነ በደቂቃ ውስጥ ይጠፋባችኋል። ስለዚህ ገና ስትቆርጡ ታችኛውን ቀጥ፣ ላይኛውን ሰያፍ አድርጉት።

እናት ተክሉን ስትመርጡ ጨከን በሉ። ከቁራጭ የሚያድገው ተክል የእናቱ ልጅ አይደለም፤ ራሷ እናቲቱ ናት። የአውስትራሊያ ደሴት በሆነችው ታዝማኒያ ውስጥ ኪንግስ ሎማቲያ የሚባል ዘር የማያፈራ ቁጥቋጦ አለ። የሚራባው የወደቀ ቅርንጫፉ ሥር እየሰደደ ነው። እዚያው አካባቢ የተገኘ 43,600 ዓመት ዕድሜ ያለው የቅጠል ቅሪት ከዛሬው ጋር አንድ ዓይነት ነው። ይኸው አንድ ተክል ያን ሁሉ ዘመን ራሱን ሲተካ ኖሯል ተብሎ ይታመናል። ነገሩ መልካም ጎን ብቻ የለውም። የእናቲቱ ቀለምና ጣዕም እንደሚተላለፍ ሁሉ ቫይረሷም ይተላለፋል። ቅጠሏ የተዥጎረጎረ ወይም የተጨማደደ ተክል ካያችሁ የቱንም ያህል ብትወዷት ከእሷ አትውሰዱ። አዲስ ወጥተው መብታቸው በሕግ የተጠበቀ ዝርያዎችም አሉ። እነሱን አራብቶ መሸጥ ፈቃድ ይጠይቃል።

አሁን ወደ ቅጠላሞቹ እንምጣ።

ጀራኒየምን እንያዝ፣ ለጀማሪ ከእሱ የሚቀል የለምና። አበባ ያልያዘ ጤነኛ ቅርንጫፍ ፈልጉ። ከጫፉ ወደ ታች 8 ወይም 10 ሴንቲሜትር ለኩ። ቅጠል ከግንዱ የሚወጣበት አበጥ ያለ ቦታ አለ፤ አንጓ ነው። ከአንጓው ልክ በታች ቁረጡ። ምላጩ የተሳለና በአልኮል የተወለወለ ይሁን። ደነዝ መቀስ ግንዱን ይጨፈልቀዋል፤ የተጨፈለቀ ቦታ ደግሞ ይበሰብሳል። የታችኞቹን ቅጠሎች አንሱ፤ ከላይ ሁለት ወይም ሦስት ይበቃሉ። እምቡጥ ካለ ቀንጥሱት፣ ስንቁን ይጨርስበታል። አንጓው ጋ ጠጋ ብላችሁ ብታዩ እንደ ወረቀት የሳሱ ትንንሽ ክንፎች ታገኛላችሁ። እነሱንም በጥፍራችሁ አንሷቸው። አፈር ውስጥ ከገቡ ቀድመው የሚሻግቱት እነሱ ናቸው።

የጀራኒየም ግንድ ውሃማ ነው። ስለዚህ ከመትከላችሁ በፊት ቁስሉ እንዲደርቅ ለጥቂት ሰዓት ጥላ ውስጥ ተዉት። ፕላስቲክም አታልብሱት። ኮሊየስና ፉክሲያ ግን ቅጠላቸው ስስ ስለሆነ ቶሎ ይጠወልጋሉ። እነሱን ወዲያው ተክላችሁ ግልጽ የፕላስቲክ ከረጢት ከላይ አልብሷቸው። ከረጢቱ ቅጠሉን እንዳይነካ ሁለት እንጨት ሰክታችሁ ደግፉት። በየቀኑ ለጥቂት ደቂቃ ከፍታችሁ አየር አስገቡ። ከረጢቱ የሚያስፈልገው ቅጠሉ በትንንሽ ቀዳዳዎቹ ሁልጊዜ ውሃ ስለሚያወጣ ነው። ሥር ያለው ተክል ይተካዋል፤ ቁራጭ አይችልም። አየሩ እርጥብ ሲሆን ብክነቱ ይቀንሳል። ሮዝመሪ፣ የጥብስ ቅጠል የምንለው፣ እና ላቬንደር መሀል ላይ ናቸው። ትንሽ እርጥበት ይወዳሉ፣ ታፍነው ሲቆዩ ግን ይሻግታሉ።

ሙቀቱን በተመለከተ አንድ ነገር ያዙልኝ፤ እግሩ ይሙቅ፣ ራሱ ይቀዝቅዝ። አፈሩ ከ18 እስከ 24 ዲግሪ ሴልሺየስ ቢሆን ሥር ቶሎ ይመጣል። አየሩ ግን ወደ 15 ዲግሪ ገደማ ዝቅ ቢል ይሻላል፤ ቅጠሉ አይቸኩልም። የችግኝ ማሞቂያ ምንጣፍ የሚሠራው ይህንኑ ነው። ከሌላችሁ ማሰሮውን ከታች ለስለስ ያለ ሙቀት የሚሰጥ ነገር ላይ አስቀምጡት። ማሞቂያው አናት ላይ ግን አይሁን፤ በአንድ ቀን ያደርቀዋል። መስኮቱም ወጥመድ አለው። ቀን ብርሃን የሚሰጣችሁ መስታወት ሌሊት እንደ በረዶ ይቀዘቅዛል። ማታ ማሰሮውን ትንሽ ወደ ውስጥ ሳብ አድርጉት። መጋረጃ ከዘጋችሁ ደግሞ ተክሉ በመጋረጃውና በመስታወቱ መካከል እንዳይቀር።

ብርሃን ከመስኮቱ አንድ እርምጃ በራቃችሁ ቁጥር በፍጥነት ይቀንሳል። ለዓይናችን ብሩህ የሚመስለን ክፍል ለተክሉ ጨለማ ሊሆን ይችላል። ግንዱ ከቀጠነ፣ ከረዘመና ከገረጣ ብርሃን እየፈለገ ነው። የኤልኢዲ መብራት ከ20 እስከ 30 ሴንቲሜትር ከፍታ ላይ ሰቅላችሁ በቀን 14 ሰዓት ያህል ብታበሩለት ጥሩ ነው። ሞቅ ያለ ጨለማ ክፍል ከሁሉም የከፋው ቦታ ነው። ሙቀቱ እደግ ይለዋል፣ ምግብ የሚሠራበት ብርሃን ግን የለም።

ስለ ውሃ ረዘም አድርጌ ልናገር፤ በብርድ ወራት ብዙ ቁራጭ የሚሞተው ከልክ በላይ ጠጥቶ ነውና።

የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ውሃ ውስጥ ነክራችሁ አውጡ። ሳትጨምቁት አግድም ያዙትና መንጠባጠቡን እስኪያቆም ጠብቁ። ከዚያ በቁመቱ አቁሙት። እንደገና ውሃ ይወርዳል። ስፖንጁ ያው ነው፣ የተለወጠው ቁመቱ ብቻ ነው። ስፖንጁ ከታች የያዘው ውሃ ስበት ሊያወጣው የማይችለው ነው፤ ቁመቱ ሲያጥር ደግሞ ይህ እርጥብ ክፍል ከጠቅላላው ብዙ እጅ ይይዛል። ማሰሮ ውስጥ ያለ አፈርም እንደዚሁ ነው። ከታች ቀዳዳ ቢኖረውም ታችኛው ክፍል ላይ የማይወርድ ውሃ ይቀራል። አፈሩ በደቀቀ ቁጥር ይህ እርጥብ ክፍል ወደ ላይ ይረዝማል።

ብዙ ሰው ውሃው እንዲያልፍ ብሎ ከታች ጠጠር ያደርጋል። እኔም ለዓመታት አድርጌዋለሁ። ግን አይጠቅምም። ውሃ ከደቃቅ አፈር ወደ ጠጠር የሚያልፈው አፈሩ ጠግቦ ሲሞላ ነው። ስለዚህ እርጥቡ ክፍል ከጠጠሩ በላይ ይቀመጣል፣ ወደ ቁራጩ እግር ይጠጋል ማለት ነው።

ቁራጩ ደግሞ ሥር ስለሌለው ውሃውን አይመጥም። በብርድ ትነቱም ዝግ ይላል። ስለዚህ ሌላ ጊዜ በሁለት ቀን የሚደርቅ አፈር ሁለት ሳምንት እርጥብ ሆኖ ሊቆይ ይችላል። ውሃ የአየሩን ቦታ ሲይዘው ኦክስጅን ይጠፋል። ሥር ለመሥራት የሚከፋፈሉት ሴሎች መተንፈስ አይችሉም፤ መበስበስ ይጀምራል።

መፍትሔው አፈሩን ሸካራ ማድረግ ነው። ግማሽ ፐርላይት (በሙቀት ያበጠ ነጭ ቀላል የድንጋይ ፍርፋሪ) ወይም ታጥቦ የተነፋ ሸካራ አሸዋ፣ ግማሽ የኮኮናት ገለባ ወይም የተነፋ ብስባሽ። የባሕር ዳርቻ አሸዋ ጨው ስላለው አይሆንም። ማዳበሪያም አይጨመርም፤ ሥር የሌለው አይበላም። ማሰሮው ትንሽ ይሁን፣ ወይም በአንዱ ማሰሮ ብዙ ቁራጭ ትከሉ። ባለሙያዎች ቁራጮቹን ዳር ዳሩን፣ ወደ ግድግዳው አስጠግተው ይተክላሉ፤ እዚያ አፈሩ ቶሎ ይናፈሳል። ሸክላ ከሆነማ ግድግዳው ራሱ ይተነፍሳል።

መቼ ላጠጣ ለሚለው ጥያቄ ቀን ቆጥሮ መልስ አይሰጥም። ማሰሮውን አንሱት። እንደጠጣ አንስታችሁ ክብደቱን በእጃችሁ ከለያችሁ ሲቀል ታውቁታላችሁ። ሲቀል አጠጡ፣ ካልቀለለ ተዉት። ውሃው የክፍሉ ሙቀት ይኑረው፤ ጠዋት ይሁን። ማሰሮው የተቀመጠበት ሳህን ላይ የተጠራቀመውን ድፉት።

ውሃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥስ? ኮሊየስ፣ ናና፣ በሶብላና አኻያ በደንብ ያወጣሉ። ሥሩ ሲፈነዳ ማየቱም ደስ ይላል፣ በተለይ ከልጆች ጋር። ውሃውን በየጥቂት ቀኑ ቀይሩ። በውሃ ያደገ ሥር ተሰባሪ ስለሆነ አፈርን ለመልመድ ይቸገራል። ስለዚህ እስኪንዠረገግ አትጠብቁ፤ 3 ሴንቲሜትር ገደማ ሲደርስ አዛውሩት፣ የመጀመሪያውን ሳምንትም አፈሩን ጤዛማ አድርጉት።

ቅጠል አልባዎቹ ላይ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። በለስ፣ ወይን፣ ሮማን፣ ጽጌረዳና አኻያ ቅጠላቸው ከረገፈ በኋላ፣ ዓይናቸው ከመፈንዳቱ በፊት ይቆረጣሉ። ያለፈው ወቅት ያደገ፣ የእርሳስ ውፍረት ያለው፣ ከ15 እስከ 25 ሴንቲሜትር የሚረዝም ቅርንጫፍ ውሰዱ። ታቹን ከአንጓ በታች ቀጥ፣ ላዩን ከዓይን ትንሽ ከፍ ብሎ ሰያፍ። ረዘም ያለ ማሰሮ ውስጥ ሁለት ሦስተኛው እስኪቀበር አስገቡት። ሁለት ወይም ሦስት ዓይን ከላይ ይታይ።

ከዚያ ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጣችሁ ተዉት። ማሞቂያ የሌለው ማከማቻ ወይም ከነፋስ የተጠለለ ግድግዳ ጥግ ይሆነዋል። ቅዝቃዜው ዓይኑን ያስተኛዋል። እሱ ተኝቶ ሳለ ታች ካለሱ በዝግታ ይሠራል። ሥሩ የሚመጣው በአብዛኛው አየሩ ሲሞቅ ነው። አኻያ ግን ገና ሳይቆረጥ ቅርፊቱ ውስጥ የተዘጋጁ የሥር ጅማሬዎች ስላሉት ይፈጥናል።

የወይን አልሚዎች ለዚህ አንድ ብልሃት አላቸው። ቁራጮቹን በእስር በእስር አድርገው አሸዋ ውስጥ ዘቅዝቀው ይቀብሯቸዋል። ታችኛው ጫፍ ወደ ላይ፣ ዓይኑ ወደ ታች። ፀሐይ ከላይ ያለውን አሸዋ ስታሞቅ ካለሱ ይሠራል። ዓይኑ ጥልቅ ቅዝቃዜ ውስጥ ተኝቶ ይቆያል። ለመትከል ሲደርሱ መልሰው ያቀኗቸዋል። እግሩ ይሙቅ፣ ራሱ ይቀዝቅዝ ያልኩት ነገር ከዚህ በላይ ጎልቶ የሚታይበት ቦታ አላውቅም።

ማሰሮ ከመሬት ይልቅ በውርጭ ይጠቃል፤ ቅዝቃዜው በጎኑም ይገባልና። ማሰሮዎቹን አጠጋግታችሁ በጆንያ ጠቅልሏቸው፣ ወይም እስከ አፋቸው መሬት ውስጥ ቅበሯቸው። አፈሩ በውርጭ ሲረጋና ሲቀልጥ ቁራጩን ወደ ላይ ይገፋዋል። ከውርጭ በኋላ እየዞራችሁ መልሳችሁ ጫን አድርጉት።

በጥበቃው መሀል የሚመጡ ጠላቶች ጥቂት ናቸው። ግንዱ ከታች ጠቁሮ ከለሰለሰ አበቃለት፤ ከነአፈሩ ጣሉት። ቅጠል ላይ ግራጫ ጸጉር የመሰለ ሻጋታ ካያችሁ የተነካውን አንሱ፣ አየር ስጡ፣ የረገፈ ቅጠልም አፈሩ ላይ አይክረም። ከአፈሩ የሚነሱ ጥቃቅን ጥቁር ዝንቦች እጫቸው ለጋ ሥር ይበላል። የአፈሩ ገጽ ሲደርቅ ይቀንሳሉ፤ ቢጫ ማጣበቂያ ወረቀትም ይይዛቸዋል።

ሥር መውጣቱን ለማወቅ በየሳምንቱ መንቀል ለጋውን ሥር መበጠስ ነው። ግንዱን በሁለት ጣት ይዛችሁ በቀስታ ሳብ አድርጉት። ከተቃወማችሁ ይዟል። ኮሊየስ በሁለት ሳምንት፣ ጀራኒየም በሦስት ወይም በአራት ሳምንት ሊይዝ ይችላል። ሮዝመሪ ሁለት ወር ቢያስጠብቃችሁ አትደንግጡ። ከማሰሮው ቀዳዳ ነጭ የሥር ጫፍ ሲታይ ለየብቻ ወደ ትንሽ ማሰሮ አዛውሯቸው። በጣም ቀለል ያለ ማዳበሪያ የሚጀመረው ከዚህ በኋላ ነው። ጫፋቸውን ቀንጥሱላቸው፣ ጎን ያወጣሉ።

አየሩ ሲሞቅ በአንድ ጊዜ ወደ ደጅ አታውጧቸው። ቤት የከረመ ቅጠል ፀሐይና ነፋስ አያውቅም። የመጀመሪያውን ቀን አንድ ሁለት ሰዓት ጥላ ውስጥ፣ ከዚያ በየቀኑ እየጨመራችሁ ከ7 እስከ 10 ቀን አለማምዷቸው። ሌሊት ውርጭ የሚኖር ከሆነ መልሷቸው። ደጅ የከረሙት ቅጠል አልባዎች ይህ አያስፈልጋቸውም፤ የሚሻላቸው እስከሚቀጥለው ብርድ ድረስ ከነበሩበት ሳይነቀሉ ማደግ ነው።

ከመካከላቸው ሌሎቹ ቅጠል አውጥተው እሱ ብቻ እንደ ደረቅ እንጨት የቆመ አይጠፋም። ለመጣል አትቸኩሉ። ከላይ በኩል ቅርፊቱን በጥፍራችሁ ጫር አድርጉት። ቡናማና ደረቅ ከሆነ ሞቷል። አረንጓዴና እርጥብ ከሆነ ግን ታች ሥራ ላይ ነው፤ ማሰሮውን ወደ ቦታው መልሱት።